ለወዳጄ የሠራነው ተንቀሳቃሽ የተኩስ ጠረጴዛ፦ ከኮሎራዶ የተጻፈ የጉዳይ ጥናት

ወዳጄ የሚኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ከዴንቨር ጎን ባለችው በዚህች ከተማ ሐበሻው ብዙ ነው። አደን የሚወጣው ግን ጥቂት ነው፤ ወዳጄ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። በኦክቶበር ለሚከፈተው የጠመንጃ አደን ወቅት ሚዩል ዲር የሚባለውን ትልልቅ ጆሮ ያለው አጋዘን ለማደን ፈቃድ ደርሶታል። ፈቃዱ በዕጣ ስለሆነ የሚገኘው፣ ሲደርስህ ዋዛ አይደለም። የ15 ዓመት ልጁም የአዳኞችን ኮርስ ጨርሳ ካርዷን ይዛለች። ኮሎራዶ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ ያንን ኮርስ ሳይወስድ የአደን ፈቃድ አያገኝም። አባትና ልጅ አብረው ሊወጡ ተዘጋጅተዋል።

ጠመንጃው በ270 ዊንቸስተር ጥይት የሚሠራ ነው። ከሰው እጅ የገዛው ቢሆንም ጤነኛ መሣሪያ ነው። 270 ከ1925 ጀምሮ ያለ፣ ብዙ አዳኝ የሚተማመንበት ጥይት ነው። የኮሎራዶ ደንብ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬይን፣ ኤልክ ለሚባለው ትልቁ የአጋዘን ዓይነት ደግሞ ቢያንስ 85 ግሬይን የሚመዝን ጥይት ይጠይቃል፤ ግሬይን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው። የወዳጄ 130 ግሬይን ነው። በአቅም በኩል ችግር የለበትም።

ችግሩ የኢላማው ወረቀት ላይ ነበር። በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ርቀት፣ ጥይቶቹ ከ20 ሴንቲ ሜትር በሚበልጥ ስፋት ተበታትነው ያርፋሉ። እሱም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የስኮፑን፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ የተገጠመውን የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ማስተካከያ ያዞራል። ወደ ግራ ሲሄድበት ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ሲሄድበት ወደ ታች። በመጨረሻ ደወለልኝ።

«ስኮፑ አብቅቶለታል፤ አዲስ ልገዛ ነው» አለኝ።

«ቆይ እስቲ። ምን ላይ አስቀምጠህ ነው የምትተኩሰው?»

«ያቺ ለልደት የምናወጣት የፕላስቲክ ጠረጴዛ አለች አይደል?»

እኔ የምተዳደረው በእንጨት ሥራ ነው። የኩሽና ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ እሠራለሁ። ስለዚህ ሐሳቤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጠረጴዛው እግሮች ነው።

ቦታው

ወዳጄ የሚለማመደው ፓውኒ ናሽናል ግራስላንድ ላይ ነው። ከዴንቨር ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዌልድ ካውንቲ ውስጥ ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የደን አገልግሎት ነው። የሕዝብ መሬትና የግል መሬት በየመሀሉ ተሰበጣጥረው ስለሚገኙ ካርታ ሳይዙ መግባት አይገባም። በደን አገልግሎቱ ደንብ ከመኖሪያ ቤት፣ ከሕንፃ፣ ከካምፕ ወይም ሰው ካለበት ቦታ በ150 ያርድ (137 ሜትር) ክልል ውስጥ መተኮስ አይቻልም። መንገድና ውኃ አሻግሮ መተኮስም ክልክል ነው። ከኢላማው ጀርባ ጥይቱን የሚይዝ የአፈር ጉብታ ያስፈልጋል። ድርቅ ሲሆን የእሳት ገደብ ስለሚወጣ፣ ከመሄድ በፊት ግሪሊ ላለው ቢሯቸው ደውሎ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ክፍት ሜዳው ላይ የተተከለ የሲሚንቶ ጠረጴዛ የለም። ያለው ሣር፣ መሬት ላይ የተኛ ቁልቋል፣ ነፋስና ወጣ ገባ አፈር ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ የፈለገ ሰው ይዞ መሄድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ለምን ተኝቶ አይተኩስም? በደረቱ ተኝቶ፣ ከፊት የአሸዋ ከረጢት አስደግፎ የሚተኩስ ሰው ከማንኛውም ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ ያላነሰ ርጋታ ያገኛል። ዋጋውም ነፃ ነው። ለሚችል ሰው እኔም የምመክረው እሱን ነው። ወዳጄ ግን ጉልበቱ ታሟል። መሬት ላይ ተኝቶ መነሣት ያቅተዋል። ልጁ ደግሞ ከረጅሙ ሣር በላይ ኢላማው አይታያትም። ለእነሱ ጠረጴዛው ቅንጦት አልነበረም።

ባዶ ጠመንጃ ይዞ የተደረገ ምርመራ

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሙከራ እንድናደርግ ጠየቅኩት። ሜዳው ላይ የፕላስቲክ ጠረጴዛዋን ዘረጋን። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አየን። መዝጊያው ተከፍቶ ቀረ። ከፊትና ከኋላ የአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀመጥነውና ወዳጄ በስኮፑ በኩል ኢላማው ላይ ያለውን ባለ ካሬ ወረቀት ተመለከተ። አንዱ ካሬ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ እኔ የጠረጴዛዋን ጠርዝ በጣቴ ጫን አልኩ።

«ኧረ! የት ሄደ?» አለ። በስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ከኢላማው መሀል ተነሥቶ ብዙ ካሬ አልፎ ነበር።

ቀጥሎ እሱ ራሱ እንደሚተኩስ ሆኖ ክርኑን አሳረፈ። መስቀሉ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ስኮፑ ላይ ምንም የደረሰበት ነገር አልነበረም። የቆመበት ነገር ነው የሚንቀሳቀሰው።

ይህን ሙከራ ማንም ሰው ያለ አንዲት ጥይት ወጪ ማድረግ ይችላል። በእኔ እምነት አዲስ ስኮፕ፣ አዲስ ጥይት ወይም አዲስ ጠመንጃ ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ሒሳቡ ቀላል ነው። ጠረጴዛው እንዳለ ወደ ጎን አንድ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት፣ ጥይቱም ኢላማው ላይ የሚዛወረው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ዘንበል ማለት ነው። በፊት ከረጢትና በኋላ ከረጢት መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ካለ፣ ሰደፉ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አንዲት ሚሊ ሜትር! በዓይን የማትታይ የጠረጴዛ መወዛወዝ ወረቀት ላይ የእጅ መዳፍ ታክላለች።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ተኳሹ በየተኩሱ መልሶ ያነጣጥራል። ስለዚህ ቀስ ብሎ አፈር ውስጥ የገባ እግር ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው በማነጣጠርና ቃታ በመሳብ መካከል ባለችው ቅጽበት የሚመጣው እንቅስቃሴ ነው። የክርን ክብደት፣ የትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የነፋስ። ጥሩ ጠረጴዛ ማለት እነዚህ ሲነኩት ዝም የሚል ነው። የኛን ሥራ በሙሉ የመራው ይህ ሐሳብ ነው።

መግዛት ወይስ መሥራት

መጀመሪያ ያየነው የሚሸጠውን ነው። ኮልድዌልና ኤምቲኤም የመሳሰሉ ድርጅቶች ተንቀሳቃሽ የተኩስ ጠረጴዛ ይሠራሉ፤ በስፖርት ዕቃ መደብሮች ይገኛል። በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀላልና ታጣፊ፣ ለብቻው በሚቀርብ ወንበር የሚቀመጡበት ነው። ሁለተኛው የብረት አካል ያለው፣ ወንበሩ ከራሱ ጋር የተያያዘና አብሮ የሚዞር ነው።

የሁለተኛውን ዓይነት ከአንድ የምናውቀው አዳኝ ተውሰን ሞከርን። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ አሠራሩም ጥሩ ነው። የተቀመጠው ሰው ክብደት ራሱ ጠረጴዛውን መሬት ላይ ያስረዋል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በዙሪያው ላይ ከጉድጓድ ተበታትነው የሚወጡ፣ ፕሬሪ ዶግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳትን ለሚያድን ሰው የሚዞረው ወንበር ተስማሚ ነው። ለኛ ጉዳይ ግን ሁለት ነገር አልገጠመንም። ወንበሩና ጠረጴዛው አንድ አካል ስለሆኑ፣ ተኳሹ መቀመጫው ላይ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እንቅስቃሴው ወደ ጠመንጃው ይደርሳል። ደግሞም በመቀመጫውና በጠረጴዛው መካከል ያለው ርቀት ለአባት ሲስማማ ለልጅ አይስማማም።

በዚያ ላይ ልጅቷ ግራኝ ናት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። በቀኝ የሚተኩስ ሰው አካሉ ከጠመንጃው በስተግራ ይቀመጣል፤ ቀኝ ክርኑ ደግሞ በስተቀኝ በኩል ማረፊያ ይፈልጋል። ለግራኝ ሁሉም ይገለበጣል። ስለዚህ ለቀኝ ብቻ ተቆርጦ የተሠራ ጠረጴዛ ላይ ልጅቷ ጠማማ ሆና ነው የምትቀመጠው። ጠማማ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ጡንቻው ይወጠራል፣ የተወጠረ ጡንቻ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

ወዳጄ ፒክአፕ አለው፣ እኔ መጋዝና ትራፓኖ አለኝ። ሁለቱ ሲገናኙ መሥራቱ አመዘነ። ወዳጄ መኪናው ሴዳን ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስት እግር

እግሩ ሦስት እንዲሆን ምንም አላመነታሁም። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሁልጊዜ አንዱ እግሩ አየር ላይ ነው። ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። እናቶቻችን ድስት የሚጥዱበት ጉልቻ ሦስት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድንጋዮቹ እኩል ባይሆኑም ድስቱ አይናጋም። ጠረጴዛው ሊያዘነብል ይችላል፣ አይወዛወዝም። ማዘንበሉን አንዱን እግር ትንሽ ቆፍሮ ማስተካከል ይቻላል። መወዛወዝን ግን ሜዳ ላይ የምታስተካክልበት ነገር የለም።

ሦስት እግር የራሱ ጣጣ አለው። በሦስቱ እግሮች ጫፍ መካከል መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ክብደትህ ከዚያ ሦስት ማዕዘን ውጭ ሲያርፍ ጠረጴዛው መገልበጥ ይጀምራል። ስለዚህ እንጨት ከመቁረጣችን በፊት ጋራዡ ወለል ላይ ቅርጹን በጠመኔ ሣልን፣ የእግሮቹን ጫፍ በክር አገናኘን። ከዚያ አባትና ልጅ በየተራ ተቀምጠው ክርናቸው የት እንደሚያርፍ ምልክት አደረግን። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም የሚያዋጣው ሰዓት ያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የወጣው ቅርጽ እንዲህ ነው። የፊቱ ክፍል 100 ሴንቲ ስፋት፣ 50 ሴንቲ ጥልቀት አለው። ከመሀሉ ወደ ተኳሹ 40 ሴንቲ ስፋትና 60 ሴንቲ ርዝመት ያለው ጭራ ይወጣል። ጠመንጃው በጭራው መሀል መስመር ላይ ይተኛል። ቀኝ ተኳሽ ከጭራው በስተግራ፣ ግራኝ በስተቀኝ ይቀመጣል። ለሁለቱም እኩል ነው። ሁለቱ እግሮች ከፊተኛው ክፍል ግራና ቀኝ፣ ሦስተኛው ከጭራው መጨረሻ ሥር ነው።

እግሮቹ ቀጥ ብለው ቢወርዱ ሦስት ማዕዘኑ ጠባብ ስለሚሆን ወደ ውጭ 12 ዲግሪ አዘነበልናቸው። 76 ሴንቲ ርዝመት ያለው እግር 12 ዲግሪ ሲያዘነብል ጫፉ ወደ ውጭ 16 ሴንቲ ያህል ይወጣል። በዚህ የፊት ሁለቱ እግሮች ጫፍ በ116 ሴንቲ ተራራቁ። ከእነሱ እስከ ኋላው እግር ጫፍ ደግሞ 106 ሴንቲ ሆነ። የተኳሹ ክርን ከመሀል መስመሩ 15 ሴንቲ ርቆ ያርፋል፤ በዚያ ቦታ የሦስት ማዕዘኑ መስመር 17 ሴንቲ ላይ ያልፋል። ጠባብ ነው፣ ግን ውስጥ ነው።

የኋላው እግር ለምን ሁለት አልሆነም የሚል ይኖራል። ለርጋታ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ነገር ግን ሁለቱ እግሮች የሚያርፉት የተቀመጠው ሰው ጉልበት ባለበት ቦታ ነው። ወዳጄ ደግሞ የታመመውን እግሩን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው።

እንጨቱና ብረቱ

አንድ ሙሉ ፕላይውድ 122 በ244 ሴንቲ ነው። የኛ ጠረጴዛ ግማሹ በቃው። ውፍረቱ በመደብር ሦስት አራተኛ ኢንች ይባላል፤ ሲለካ ግን 18 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። አንዱ ካሬ ሜትር ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ የኛ ገጽ 7 ኪሎ ተኩል ያህል ሆነ።

ብዙ ሰው ጥንካሬ ሲፈልግ ሁለት ፕላይውድ ደርቦ በኮላ ያጣብቃል። ይጠነክራል፣ ግን ክብደቱም እጥፍ ይሆናል። እኛ ከሥሩ ሞራሌ አደረግንለት፤ እዚህ ሁለት በአራት የሚሉትን። ትክክለኛ ልኩ 38 በ89 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ከፊተኛው ክፍል ግራ እስከ ቀኝ፣ ሌላው ከፊት እስከ ጭራው ጫፍ ይሄዳል። ሞራሌውን በጠፍጣፋ ጎኑ አላስተኛነውም፤ በጠርዙ ነው ያቆምነው። በጠርዙ የቆመ ሞራሌ ከተኛው ከ5 እጥፍ በላይ መጉበጥን ይቋቋማል። ተጨማሪ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ኮላና ቪቲ ሁለቱንም ተጠቀምን። ኮላው ነው ሥራውን የሚሠራው፤ ቪቲው እስኪደርቅ ይይዝለታል።

እግሮቹ የአንድ ኢንች የብረት ውኃ ቧንቧ ናቸው። በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ወጥቶለት በ30 ኢንች ርዝመት የሚሸጥ ነው። ላዩ ላይ ፍላንጅ፣ ማለትም ከገጹ ሥር የሚታሰር ክብ የብረት መያዣ፣ አለ፤ ቧንቧው እየተጠመዘዘ እሱ ውስጥ ይገባል። ቧንቧ የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ጥርሱ ነው። የቧንቧ ጥርስ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል፣ በየ16 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ሲጠመዘዝ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄዶ ምንም ክፍተት ሳይቀር ይቆማል። የሚታጠፍ የጠረጴዛ እግር ማጠፊያው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ጨዋታ፣ ማለትም ልቅነት፣ አለው፤ ያቺ ጨዋታ ናት ወረቀቱ ላይ የምትታየው።

ለዝንባሌው ከሞራሌ ትራፊ በ12 ዲግሪ የተቆረጡ ሽብልቅ እንጨቶች ከፍላንጁና ከገጹ መካከል አስገባን። ፍላንጁን በቪቲ ማሰር አይበቃም። እግሩ በየጊዜው እየተጠመዘዘ ሲወጣና ሲገባ ቪቲው እንጨቱን እየበላ ይላላል። ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ያስፈልጋል። የብሎኑ ራስ ከገጹ በታች እንዲሰምጥ አድርገናል፤ ከረጢቱን እንዳይነካ።

ሦስቱ ቧንቧዎች በድምሩ ስድስት ኪሎ አይሞሉም። ሁሉም ሲገጣጠም 19 ኪሎ ግድም ሆነ። እግሮቹ ተፈትተው በከረጢት ይያዛሉ፣ ገጹ ደግሞ ለእጅ መግቢያ ተቆርጦለታል። ቁመቱ ከመሬት 80 ሴንቲ ያህል ነው።

ቧንቧው ወደ 33 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። እርጥብ አፈር ላይ ሰው ሲደገፍ ይሰምጣል። ከትራፊው ፕላይውድ 15 በ15 ሴንቲ የሆኑ መርገጫዎች ቆርጠን ከእያንዳንዱ እግር ሥር አደረግን። ክብደቱን የሚሸከመው ስፋት በ25 እጥፍ ያህል ጨመረ። ምንም ወጪ የለውም፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ገጹ ላይ ምንጣፍ አለጠፍንም። ብዙ ሰው ይለጥፋል፣ ለዓይንም ያምራል። እኔ አልወደውም። ምንጣፍ ይረግባል፣ ከረጢቱም አብሮ ይረግባል። ለውጭ አየር የሚሆን ቫርኒሽ ቀባነው፣ የፕላይውዱን ጠርዝ ደግሞ ደጋግመን። ውኃ የሚገባው በጠርዙ ነው።

ዕቃው ሁሉ 150 ዶላር አካባቢ ወጣበት። የጉልበቴን ዋጋ ብጨምርበት ከመደብር መግዛት ይረክስ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

መቀመጫው

የሁለት ሰው ቁመት ለማስታረቅ ጠረጴዛውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ነገር ልንሠራለት እንችል ነበር። ግን እያንዳንዱ የሚስተካከል መገጣጠሚያ የሚላላ ቦታ ይጨምራል። የሚስተካከለው ነገር ከጠረጴዛው ውጭ እንዲሆን ወሰንን። ድራም የሚመቱ ሙዚቀኞች የሚቀመጡበትን ክብ ወንበር ገዛን። ሦስት እግር አለው፣ ይታጠፋል፣ ቁመቱ እንደ ልብ ይስተካከላል። ልጅቷ ስትቀመጥ ከፍ፣ አባቷ ሲቀመጥ ዝቅ ይላል። ከጠረጴዛው ጋር ምንም ንክኪ ስለሌለው የመቀመጫ እንቅስቃሴ ወደ ጠመንጃው አይደርስም።

ሜዳው ላይ የታየው

መጀመሪያ የደገምነው ያንኑ የባዶ ጠመንጃ ሙከራ ነው። ጠርዙን በጣቴ ስጫን መስቀሉ ከካሬዋ አልወጣም። ክርኑን ሲያሳርፍ ትንሽ ወርዶ ቆመ። ወሳኙ ነገር እሱ ነው፤ ወርዶ ይቆማል፣ አይዋልልም።

ከዚያ በተኩስ። የአሸዋ ከረጢቱ ከፊት ከጠመንጃው እንጨት ሥር ተደረገ። በርሜሉ ራሱ ከረጢት ከነካ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ከኋላ ሌላ ከረጢት ከሰደፉ ሥር። ወዳጄን አንድ ነገር አስማልኩት፤ አምስት ጥይት በተከታታይ ሳይተኩስ ስኮፑን እንዳይነካ። በአንድ ጥይት ምልክት ስኮፕ ማዞር ራስን ማሳሳት ነው። አምስቱ ጥይቶች ወረቀቱ ላይ ያረፉበት ስብስብ መሀሉ የት እንደሆነ ታይቶ ነው የሚስተካከለው።

ያው ጠመንጃ፣ ያው ስኮፕ፣ ያው ጥይት። የስብስቡ ስፋት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ጠበበ። ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ለልጁ ሲያሳያት ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ማስተካከሉ የደቂቃዎች ሥራ ሆነ። የስኮፑ አንድ ጠቅታ በ100 ያርድ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ስንት ጠቅታ እንደሚያስፈልግ አስልቶ አዞረው። በ100 ያርድ ላይ ከመሀል ወደ 4 ሴንቲ ከፍ እንዲል አደረግነው። በዚህ ጥይት ያ ማለት 200 ያርድ አካባቢ ላይ መሀል ይመታል ማለት ነው።

ደካማው ጎንም የታየው በዚያው ቀን ነው። ወዳጄ ሲነሣ ጉልበቱ ስለሚያመው የጭራውን ጥግ በእጁ ተጭኖ ተነሣ። በዚያ ጥግ ላይ ሦስት ማዕዘኑ በጣም ጠባብ ነው። ከማዶ ያለው የፊት እግር ከመሬት ብድግ አለ። ጠመንጃው ባዶ፣ መዝጊያውም ክፍት ስለነበረ ምንም አልሆነም። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ማንም ሰው ከተኩስ ጠረጴዛ ከመነሣቱ በፊት ጠመንጃው ባዶ፣ መዝጊያው ክፍት መሆን አለበት። ጠረጴዛው የፈለገውን ያህል ጠንካራ ይሁን።

መፍትሔው ውኃ ሆነ። ሜዳው ላይ ለመጠጥም ለእሳትም ብለን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዘን እንሄዳለን። ከሞራሌው ሥር፣ የጠረጴዛው ክብደት መሀል ላይ መንጠቆ አበጀንና ሞልተን ሰቀልነው። ጠረጴዛውን በእጥፍ አከበደው፤ ለመገልበጥ የሚያስፈልገውም ጉልበት በእጥፍ ጨመረ። ማንጠልጠያው አጭር መሆን አለበት፤ ረጅም ከሆነ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ያ ደግሞ ጠረጴዛውን ያናጋል። ወዳጄም አሁን የሚነሣው ወንበሩን ተደግፎ ነው።

የልጅቷ ጉዳይ ደስ ብሎኛል። ከጭራው በስተቀኝ ተቀምጣ፣ ወንበሩን ከፍ አድርጋ፣ ግራ ክርኗን ስታሳርፍ መቀመጧ የተፈጥሮ ነበር። «ጋሼ፣ አሁን ትከሻዬ አልደከመኝም» አለችኝ። ጀማሪ ልጅ እየተመቻት ስትማር ቃታውን ቀስ ብላ መሳብ ላይ ታተኩራለች። ሲጨንቃት ግን ቶሎ ለመገላገል ትስበዋለች። ጥይት የሚባክነው በዚያ ነው።

ያም ሆኖ ጠረጴዛው ጠመንጃን ለማስተካከል ነው የተሠራው። አጋዘን ፊት ማንም ጠረጴዛ ዘርግቶ አይጠብቅም። ስኮፑ ከተስተካከለ በኋላ አባትና ልጅ ጠረጴዛውን ትተው በርከክ ብለው፣ ቁጭ ብለው፣ በዱላ ተደግፈው ተለማመዱ። እዚያ ላይ ስብስቡ ሰፋ። ግን አሁን ስፋቱ የተኳሹ እንደሆነ ያውቃሉ፤ በእያንዳንዳቸው ዓቅም ልክ ከስንት ርቀት በላይ እንደማይተኩሱም ተስማሙ። ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ እንዳይኖር ከፈለግን ይህን ማወቅ ግዴታችን ነው።

ለሌላው ሰው

ይህ ሁሉ የኮሎራዶ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ስለሆነ እዚያ ያለ አንባቢ ከሕጉ መጀመር አለበት። አሜሪካ ውስጥም ስቴቱ ሲለያይ ደንቡ ይለያያል።

ጠረጴዛውን ያዩ ሌሎች ሐበሾች እንድሠራላቸው ጠይቀውኛል። አንዱ የሚነዳው ፕሪየስ ነው። 100 በ110 ሴንቲ የሆነ አንድ ወጥ ገጽ እዚያ መኪና ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። ገጹን በማጠፊያ ሁለት ቦታ መክፈል ይቻላል፣ ግን ማጠፊያው የሚያርፈው ጥንካሬ ከሁሉም በላይ በሚፈለግበት መሀል ላይ ነው። ለእሱ የመከርኩት ታጣፊውን ከመደብር እንዲገዛ ነው። ከመግዛቱ በፊት መደብሩ ውስጥ ዘርግቶ በክርኑ ይደገፈው፣ ማጠፊያዎቹን በእጁ ይነቅንቃቸው፣ ውኃ የሚንጠለጠልበት ቦታ እንዳለው ይይ። ጨዋታ ያለበትን ማጠፊያ በሮንዴላ ማጥበቅ ይቻላል፤ ይዞት ከመጣ እኔ አጠብቅለታለሁ።

ፒክአፕ ወይም ሰፊ ቫን ላለው ግን የጠመኔው ሥዕል ጋራዡ ወለል ላይ አልጠፋም። መጥቶ ይቀመጥበትና ክርኑ የት እንደሚያርፍ እንለካለን።